ከሁሉ በፊት የሰማው ቫኪዩም ጠጋኝ

ዝነኛ ባንድ ያፈራ ከተማ ሁሉ አንድ በሽታ አለበት። ባንዱ መጀመሪያ የተጫወተበት ክፍል ቢበዛ አርባ ሰው ይይዛል፤ "እዚያ ነበርኩ" የሚለው ግን አራት መቶ ነው። ባንዱ ታውቆ ዓመት ሲሞላው ስምንት መቶ ይደርሳል። ሙታንም አይቀሩም። ባለፈው ክረምት የቀበርነውን ዓሣ ሻጭ ሽማግሌ ልጆቹ መቃብሩ ላይ ቆመው "አባታችን ከመጀመሪያዎቹ አርባዎች አንዱ ነበር" ብለው መሰከሩለት። ሰውየው ከከተማችን የማዕድን ሠራተኞች የጡሩምባ ጓድ በቀር በዕድሜው ሌላ ሙዚቃ በፈቃዱ ሰምቶ አያውቅም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው ይኖራል። ሌሎቹ "ነበርኩ" ሲሉ እሱ "እኔ ነኝ" ይላል። ያገኛቸው እሱ፣ የመከራቸው እሱ፣ ስም ያወጣላቸው እሱ። ከለንደን በስተሰሜን ባለችው የማዕድን ከተማችን በባርንስሊ ይህን ከፍተኛ ማዕረግ የያዙት ክቡር ሊቀ ጠበብት ሚስተር ትሬቨር ሙርሃውስ ናቸው። "ናቸው" ያልኩት ለማዕረጉ ስል ነው። ከዚህ በኋላ "እሱ" ነው የምለው፤ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ተጎራብተን ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንቱታው ከአፌ አይወጣም።

ትሬቨር ቫኪዩም፣ ያን አቧራ የሚስብ ማሽን፣ ይጠግናል፤ እኔ አዝራርና ክር እሸጣለሁ። ሱቆቻችንን የሚለያቸው ጣውላ ነው፣ ጣውላውም ስስ ነው። ስለዚህ ትሬቨር ለደንበኛ የሚናገረውን ሁሉ ሁለት ጊዜ እሰማዋለሁ፤ አንዴ በበሩ፣ አንዴ በጣውላው።

የማያውቀው ነገር የለም። ጥርስ ሐኪሙን ስለ መንጋጋ አስተምሮታል። ቄሱ የተበላሸ ማሽን ይዘው ቢመጡ፣ ምእመናን የጠፉት በስብከቱ ሳይሆን በማሞቂያው ቱቦ ምክንያት መሆኑን አስረድቶ ሸኝቷቸዋል። ዝናብ እንደሚዘንብ ይተነብያል፤ ባርንስሊ ውስጥ ይህ ብዙ ድፍረት አይጠይቅም። ሲዘንብ ግን ከሱቁ ወጥቶ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆምና አላፊ አግዳሚውን "መጀመሪያ ማን ነገረህ?" ይላል። ሚስቱ ሞሪን እንደምትለው ከሆነ፣ የሠርጋቸው ቀን ቄሱ "ታገቢዋለሽ ወይ?" ብለው ሲጠይቋት "አዎ" ያለው እሱ ነው።

የባንዱ ነገር የተጀመረው ሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር በነበረበት ዘመን ነው። ኪራን ባክስተር የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የእናቱን ቫኪዩም ሊወስድ መጣ። ቀጭን፣ ፀጉሩ ዓይኑን የሸፈነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቺፕስ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ማሽኑን ተቀብሎ በመሄድ ፋንታ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

"ላይ ቤት ምን አለ?" አለ።

"ሞተር።"

"ባዶ ቦታስ?"

"የሚፈለግበትን ጉዳይ ካወቅኩ ባዶ ይሆናል" አለ ትሬቨር።

"ባንድ አለን። አራት ነን። የከበሮ መቺያችን ጎረቤቶች ከጋራዡ አባረሩን።"

"ስማችሁ ማነው?"

"የዘገየው አውቶቡስ።"

ትሬቨር ትንሽ አሰበበትና "ስሙ መጥፎ አይደለም" አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ዛሬ "ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ" የሚለው ከዚች ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ ነው።

ገበያው በሚዘጋበት ቀን፣ እሑድ እሑድ እንዲለማመዱ ፈቀደላቸው። አንድ ውል ብቻ አስገባቸው፤ አንድ ምክር ሲሰጣቸው አንድ ጊዜ እንዲሰሙት። ልጆቹ አያውቁትምና ተስማሙ።

ባንዱ በሁለተኛው ወር ዘፈኖቹን መቅረጽ ፈለገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት የሚቀርቡበት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ከገበያው ማዶ ያለው መጠጥ ቤት ፎቁን ለአንድ አርብ ሊሰጣቸው እሺ ብሏል። ለመጣው ሰው ሁሉ ስድስት ዘፈን ያለበት ሲዲ በነጻ ለማደል አስበዋል። መቅረጫ ግን የላቸውም። ትሬቨር አለው። ከተዘጋ የዳንስ አዳራሽ ያመጣው፣ ሁለት ትልልቅ መንኮራኩር ያለው፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሆነ አሮጌ ቴፕ መቅረጫ።

"ሚስተር ሙርሃውስ፣ ቀርጸው ያውቃሉ?" አለው ከበሮ መቺው።

"ስማ የኔ ልጅ። ድምፅ ማለት አየር ነው። እኔ ደግሞ አየር ላይ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ።"

ልጆቹ መቅረጫውን ፎቅ አወጡለት። አሮጌ ፍራሽ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ከበሮውን በቫኪዩም ቱቦ ክምር ከበበው። የጊታሩን ማይክራፎን ባልዲ ውስጥ አስገባው፤ ለምን ሲሉት "ስትሰሙት ይገባችኋል" አላቸው። እስከ ዛሬ አልገባቸውም። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው፣ ያን ሰሞን እሑድ እሑድ ፎቄ ላይ ተቀምጬ አዝራር በየቀለሙ እለይ ስለነበር ነው። ጸጥታ ፈልጌ ነበር የመጣሁት። ፎቁም የሚለየው በዚያው ጣውላ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ሦስት ዘፈን ተቀረጸ። ሁለተኛውን ሲቀርጹ ትሬቨር የሚስዝ ኦልድሮይድን ቀይ ቫኪዩም፣ ሞተሩ እንዲፈተሽ ብሎ፣ ታች አብርቶ ረስቶት ነበር። ዘፈኑ ሲደመጥ ከሥሩ ንብ እንደገባበት ቀፎ "እምምም" የሚል ድምፅ ተገኘበት። ልጆቹ እንድገመው ሲሉ "ማንም አይሰማውም" ብሎ አለፈው። ዛሬ ስለዚያ ድምፅ የሚከራከር ዓለም አለ። አንዱ ከሩሲያ የመጣ ብርቅ ኦርጋን ነው ይላል፤ ሌላው የመነኮሳት ዜማ ወደ ኋላ ተዘዋውሮ ነው ይላል። ትሬቨር ለሁሉም "የሚስዝ ኦልድሮይድ ቀይ ቫኪዩም ነው" ብሎ እውነቱን ይነግራቸዋል። በዕድሜው ካወራው ሁሉ ሰው ይበልጥ የሚስቅበት ይኸው እውነት ነው።

ሌላም ጉዳይ ነበር። ኪራን ባርንስሊ ተወልዶ ባርንስሊ ያደገ ልጅ ነው። ማይክራፎን ፊት ሲቆም ግን ከአፉ የሚወጣው ካሊፎርኒያ ነው። ዘፈኑ ዳቦ ቤት ደጃፍ በዝናብ ቆሞ አውቶቡስ ስለሚጠብቅ ልጅ ነው፤ የሚዘፍነው ሰው ግን ዕድሜውን ዝናብ አይቶ የማያውቅ ይመስላል።

በሁለተኛው እሑድ አራተኛውን ዘፈን ሲጀምሩ ትሬቨር መቅረጫውን ቀጥ አደረገው።

"ቆይ ቆይ። አሁን የሚዘፍነው ማነው?"

"እኔ ነኛ" አለ ኪራን።

"አንተማ አይደለህም። አንተን አውቅሃለሁ፣ ትናንት ቺፕስ የሸጥክልኝ ልጅ ነህ። ትናንት 'ኮምጣጤ ላርግበት?' ስትለኝ የነበረው አፍህ የት ሄደ?"

ሦስቱ ልጆች በሳቅ ወደቁ። ኪራን አልሳቀም።

"ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚዘፍነው።"

"ሁሉም ሰው ከዘፈነው አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"እኔ ከቫኪዩም ጠጋኝ የዘፈን ትምህርት አልፈልግም" አለና ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ደረጃውን ወረደ። የታችኛው በር ሲዘጋ አዝራሮቼ ጠረጴዛው ላይ ዘለሉ።

ሦስቱ ቀሩ። ቤዝ ተጫዋቹ፣ ኪራን ከቀረ እሱም ሊድስ ያለው አጎቱ ጋ ሥራ ሊገባ እንደሆነ ተናገረ። ከበሮ መቺው፣ እንግዲያው ለመጠጥ ቤቱ ሰውዬ ነገ ሄዶ መቅረታቸውን እንደሚነግረው አስታወቀ። ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። ባንዱ እዚያው ቀን፣ አራተኛው ዘፈን ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሞቶ ነበር። ይህን ማንም አይጽፈውም፤ ከእኔና ከጣውላው በቀር ምስክር የለውም።

ትሬቨር አልወጣም። ምላሱ በገዛ ቤቱ ያን ያህል ጥፋት ሲያደርስ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ወንበር ሲስብ ሰማሁት። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ውጪ ይዘንባል፣ ኪራን ካፖርቱን ረስቶ ነበር።

"ካፖርቴን ልወስድ ነው" አለ።

"ውሰድ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ለምንድነው የራስህን አፍ የምትፈራው?"

ልጁ ነገረው። የሰማሁትን የማወራው ኪራን ራሱ ከዓመታት በኋላ በሬዲዮ ስለተናገረው ነው፤ ያለዚያ አዝራሬን እንደያዝኩ ዝም ባልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ፈተና አልፎ ሼፊልድ አጠገብ ካለ የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ገባ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መምህሩ አንድ ነገር ጠይቆት "ምንም" ብሎ መለሰ። በእኛ አፍ "ምንም" የሚባለው አጭር ሆኖ፣ ክፍት ሆኖ፣ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው። መምህሩ እንዲደግመው አዘዘው። ክፍሉ ሳቀ። አሁንም አስደገመው። አሁንም ሳቁ። ሦስተኛ አስደገመው።

"ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት እጄን አውጥቼ አላውቅም" አለ ኪራን። "መልሱን እያወቅኩት።"

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ትሬቨር አንዱን ያረጀ ሞተር አስነሥቶ አልነሣ ያለው መስሎኝ ነበር። ልጁ ነው የሚያለቅሰው።

ትሬቨር ዝም አለ። ሰውየው ዝም ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ በደህና መሆኑን ተጠራጥሬ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጠፍኩ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

"ሞሪን እንኳ የማታውቀውን ልንገርህ" አለ በመጨረሻ። "ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ የማዕድን ሠራተኞቹ ክበብ ውስጥ ዘፍኛለሁ። ትልቅ የከብት ጠባቂ ባርኔጣ አድርጌ። ስለ ፈረስ ነበር ዘፈኑ። ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ስኬግነስ ባሕር ዳር አንዴ አህያ ላይ ወጥቼ ወድቄያለሁ። ድምፄን ልክ እንዳንተ አሜሪካ ላክሁት። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳቀች። ሳቋ አልቆም ሲላት በር ላይ ያለው ሰውዬ እጇን ይዞ አስወጣት።"

"እናትዎን?"

"እናቴን። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ለሰዎቹ ምን አለቻቸው መሰለህ? 'ትሬቨርን ልሰማ ነበር የመጣሁት፤ ከመጣ ንገሩልኝ' አለች።"

ኪራን እያለቀሰ ሳቀ። ትሬቨር አልሳቀም።

"ከዚያ ወዲህ ዘፍኜ አላውቅም። ዛሬ ሳስበው ግን የሳቀችው በእኔ አልነበረም። እኔማ እዚያ አልነበርኩም። እናትህ ለዚያ አርብ ትመጣለች?"

"ትመጣለች።"

"እንግዲያው ልጇን ታግኘው።"

"ቢስቁብኝስ?"

"ይስቃሉ እንጂ፣ ባርንስሊ አይደል እንዴ? ቢያንስ የሚስቁበት ሰው እዚያ ይኑር።"

ትሬቨር እዚህ ላይ ያቆማል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ አቆመ። ጥቂት ቆይቶ ኪራን ያለ ጊታር፣ አፍንጫው እንደተደፈነ፣ የአራተኛውን ዘፈን የመጀመሪያ ስንኝ ዘፈነ። የቺፕስ ቤቱ ልጅ ነው የዘፈነው። ዳቦ ቤቱ የእኛ ዳቦ ቤት ሆነ፣ ዝናቡም የእኛ ዝናብ። በእጄ የያዝኩት ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የዚያን ቀን የለየሁት አዝራር በሙሉ እንደገና መለየት ነበረበት። (ትሬቨር ይህን ምስጢር ማውጣቴን አይደርስበትም። ጋዜጣ አያነብም፤ የሚጻፈውን ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል።)

ኪራን ሦስቱን ልጆች መለሳቸውና በሦስተኛው እሑድ የቀሩት ሦስት ዘፈኖች ተቀረጹ። የከበሮ መቺው እህት ሃምሳ ሲዲ ገለበጠች፤ የባንዱን ስም በእጇ ስትጽፍ ሃያው ላይ "የዘገየው" የሚለውን አሳስታ ጻፈችው። የተሳሳተው ዛሬ ብርቅ ነው ይሉኛል።

አርብ አመሻሽ ላይ መጠጥ ቤቱ ፎቅ ተሰበሰብን። እኔ ነበርኩ። አዎ፣ ሁሉም እንዲህ ይላል። የኪራን እናት ሚስዝ ባክስተር ጥግ ይዛ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ኪራን አፉን ከፍቶ የመጀመሪያውን ቃል ሲያወጣ ሰው ሳቀ። ልጁ ደነገጠ፣ ግን አላቆመም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳቁ ሌላ ሆነ፤ ሰው የገዛ ስሙን ያልጠበቀው ቦታ ተጽፎ ሲያገኘው የሚስቀው ዓይነት። ሦስተኛው ላይ አብረው ይዘፍኑ ነበር። እናቲቱ አልሳቀችም አልዘፈነችም። ከንፈሯ ግን ከልጇ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር።

ትሬቨር ሙርሃውስ አልነበረም። የሞሪን እህት ቧንቧ ፈንድቶባት ሁለቱም እሷ የምትኖርበት ከተማ፣ ስካርብራ ነበሩ።

ሲዲው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ተማሪው ለተማሪው ገለበጠ፣ ባርንስሊ ለሊድስ፣ ሊድስ ለማንቸስተር። በዓመቱ ልጆቹ ያላዩት ከተማ ሲገቡ ሰው ቃሉን በቃሉ ይዞ ይጠብቃቸው ጀመር፤ በእኛው አፍ፣ "ምንም" የሚለውን እንኳ እንደ እኛ እንደ ድንጋይ እየወረወረ። ለንደን ወሰደቻቸው። ከዚያ ባሕር ተሻገሩ።

ያን ጊዜ የክቡር ሚስተር ሙርሃውስ ወርቃማ ዘመን ተጀመረ። ቫኪዩም ይዞ የመጣ ደንበኛ ታሪኩን ሳይሰማ ማሽኑን አያገኝም። ከበሮ መቺውን ዱላ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። የጊታሩ ድምፅ ምስጢር ባልዲው ነው። የመጀመሪያውን አርብ ሲተርክ ላቡ በግድግዳው እንዴት ይወርድ እንደነበር፣ ማን የት እንደቆመ፣ ማን እንዳለቀሰ አንድ በአንድ ይናገራል።

"ትሬቨር" ትለዋለች ሞሪን ምሳውን ስታመጣለት፣ "ያን ዕለት ስካርብራ ላይ የእህቴ ቧንቧ ሥር ተኝተህ ነበር።"

"አካሌ ነዋ" ይላል ትሬቨር፣ የሥጋ ኬኩን እየቆረሰ።

ባንዱ ከታወቀ ከብዙ ዓመት በኋላ እነዚያ የመጀመሪያ ቅጂዎች ድምፃቸው ጠርቶ እንደገና እንዲወጡ ተወሰነ። አብሯቸው ትንሽ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ጁሊያን የሚባል ትሑት ሰው ከለንደን መጣ። ሐሙስ ቀን ነበር። ትሬቨር በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ መጣ፣ የአይቧ ሴትዮ ሱቋን ዘጋች፣ እኔም አዝራሬን ትቼ ወጣሁ። የዕድሜ ልክ ውሸቱን በአንድ ጊዜ ሲለቀው ልናይ ነበር የተሰበሰብነው።

አላሳፈረንም። ስሙን እሱ አወጣው። ቤዝ ተጫዋቹን ከሊድስ እሱ አስቀረው። የከበሮ መቺው እናት ልጇን ሙዚቃ ልታስተወው ስትል እሱ ገሥጿታል። ጁሊያን ዝም ብሎ ይጽፋል። ሥጋ ሻጩ በክርኑ ይጎስመኛል። ሰዓት ሙሉ እንዲህ ከሄደ በኋላ ጁሊያን ብዕሩን አነሣ።

"አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፣ ሚስተር ሙርሃውስ። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት ዘፈኖች ላይ ልጁ እንደ አሜሪካዊ ነው የሚዘፍነው። አራተኛው ላይ ግን የባርንስሊ ሰው ነው። ያው ክፍል፣ ያው መቅረጫ፣ የሁለት ሳምንት ልዩነት ብቻ። ባንዱን ባንድ ያደረገው ይህ ነው። በመካከሉ ምን ተፈጠረ?"

ወደ ባንኮኒው ጠጋ አልኩ። ትሬቨር በሕይወቱ የሠራው አንድ እውነተኛ ትልቅ ነገር እነሆ ተጠየቀ። መላው ገበያ ፊት። የሚጽፍ ሰው ፊት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ያችን ወደ ፎቅ የምትወስደውን ደረጃ አየት አደረጋት።

"እኔ እንጃ" አለ። "ልጁ ራሱ ነው። እኔ ሻይ ሳፈላ ነበር።"

ሥጋ ሻጩ ቢላውን ዝቅ አደረገ። ትሬቨር ሙርሃውስ "እኔ እንጃ" ሲል ገበያው ሰምቶ አያውቅም። ጁሊያን ገጹን ገልብጦ ስለ ባልዲው ጠየቀ፤ ወሬው እንደገና ፈሰሰ። ከእኔ በቀር ማንም ምንም አላስተዋለም። ኪራንም በዚያ የሬዲዮ ወሬው ላይ ማን ፊት እንዳለቀሰ ሲጠየቅ "የሰውየው ፈቃድ የለኝም" ብሎ ነው ያለፈው። ሁለቱ ስለዚያ እሑድ ተነጋግረው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። አይመስለኝም።

መጽሐፏ በመከር ወጣች። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ "ቅጂዎቹ የተሠሩት በአንድ የጥገና ሱቅ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ክፍሉን ያዋሱት ሚስተር ቲ. ሙርሃውስ ናቸው።" በቃ። የ"እምምም" ድምፅ ደግሞ "ምናልባት ያረጀ ኦርጋን" ተብሏል። ትሬቨር ገጿን ሁለት ጊዜ አነበባትና መጽሐፏን ባንኮኒው ሥር አስገባት።

ከዚያ ዝም አለ። ሰኞ ዝም። ማክሰኞ ዘነበ፤ ሊወጣ እንኳ አልሞከረም። ደንበኛ ይመጣል፣ ማሽኑን ይሰጠዋል፣ ደንበኛ ይሄዳል። ገበያው ውስጥ ያንን የመሰለ ጸጥታ ተሰምቶ አያውቅም። ሥጋ ሻጩ "ሐኪም አይቶታል?" ብሎ ጠየቀኝ። ረቡዕ ሞሪን ሱቄ ገብታ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

"ግሌኒስ፣ ትናንት የአየር ጠባይ ዘገባውን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አንድም ቃል አላረመም።" መሀረቧን አጠፈች። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ዝም እንዲል ጸልያለሁ። አሁን ጸሎቴን መልሱልኝ ብል ማንን ነው የምጠይቀው?"

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት ከእጮኛዋ ጋር ገባች። ከኒውካስል ነው የመጡት፣ መጽሐፏ በእጇ ነው። ባንዱ የተቀረጸበት ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አፌን ከፍቼ ልጠቁማት ስል ሌላ ነገር መጣብኝ። ሱቄን ትቼ ይዣቸው ወጣሁ፣ ትሬቨር በር ላይ አቆምኳቸውና ገበያው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"ትሬቨር፣ ይቅርታ፣ እነዚህ ልጆች ጠይቀውኝ ነው። ከበሮ መቺው ግራ እጁን እንዲጠቀም ያስተማረው ማን ነበር?"

ቀና አለ። እንዲህ ያለ ነገር ተከስቶ እንደማያውቅ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዓይኑ ከእኔ ላይ ተነሥቶ ሱቆቻችንን የሚለየው ጣውላ ላይ አረፈ፤ ተመልሶ እኔ ላይ መጣ። በዚያች ቅጽበት ምን እንደገባው አልጠየቅኩትም፣ አልጠይቀውምም።

"ደህና ጠየቅሽ፣ የኔ ቆንጆ" አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ በርጩማውን ሳበ። "ተቀመጡ ልጆች። ያ ልጅ እዚህ ሲመጣ አንድ እጅ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እኔ ነኝ 'ሌላኛውን ለምን ይዘኸው ትዞራለህ?' ያልኩት።"

ሥጋ ሻጩ ከማዶ ሆኖ ቢላውን መሳል ጀመረ። ወጣቷ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ይቅርታ፣ እማማ" አለች በሹክሹክታ። "እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው" አልኳት። "እኔም እዚያ ነበርኩ።"